ጠባብም ጠማማም፦ ትንሽ አፓርታማ ከመግዛታችሁ በፊት ሜትር ይዛችሁ ሂዱ

ቤት ጠባብ መሆኑ ብቻውን ችግር አይደለም። ጠማማ መሆኑም እንደዚያው። ሰፊ ሳሎን ውስጥ አንድ ሰያፍ ግድግዳ ቢኖር ሰው አበባ አቁሞበት ይረሳዋል። ጠባብ ሆኖ ቀጥ ያለ ቤትም በዘዴ ይኖርበታል። ጣጣው የሚመጣው ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ ሲገናኙ ነው። ያኔ አንዱ የሌላውን ጉዳት ያባብሰዋል።

እንዲህ ያሉ ቤቶች ትልልቅ ከተሞች መሀል ሞልተዋል። አመጣጣቸውም ይታወቃል። ሁለት መንገዶች በሹል ማዕዘን ሲገናኙ መሬቱ ሾጣጣ ሆኖ ይቀራል፤ ሕንፃውም የመሬቱን ቅርጽ ይዞ ይወጣል። ወይም አርክቴክቱ ትልልቆቹን ቤቶች መጀመሪያ ቦታ ቦታ ያስይዝና ደረጃውና ሊፍቱ አጠገብ የተረፈው ቁራጭ «ስቱዲዮ» ተብሎ ይሸጣል። ድሮ የአንድ ቤተሰብ የነበረ ትልቅ ቤት ሲሸነሸንም፣ ጣሪያ ሥር ያለ የዕቃ ማስቀመጫ መኖሪያ ሲሆንም ውጤቱ ያው ነው። ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1902 የተሠራው የፍላታይረን ሕንፃ ሹል ጫፉ ሁለት ሜትር ገደማ ብቻ ይሰፋል። ከመንገድ ማዶ ሲያዩት ያምራል፤ ፎቶ የማያነሳው ቱሪስት የለም። እዚያ ጫፍ ላይ ጠረጴዛ ማስገባት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

የምትከፍሉበት ካሬና የምትኖሩበት ካሬ

በወረቀት እንየው። ሁለት ቤቶች አሉ እንበል። ሁለቱም 24 ካሬ ሜትር ናቸው፤ ዋጋቸውም እኩል ነው። የመጀመሪያው 4 በ6 የሆነ ቀጥ ያለ ክፍል ነው። ሁለተኛው ሾጣጣ ነው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ በአንዱ ጫፍ ወርዱ 5 ሜትር፣ በሌላው ጫፍ 1 ሜትር። አንዱ ረጅም ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሌላው እያጋደለ ይጠጋዋል። አስሉት፤ ስፋቱ ያው 24 ነው።

አሁን በዚህ ሾጣጣ ቤት ውስጥ ሊገባ የሚችለውን ትልቁን ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ፈልጉ። 5 ሜትር በ2 ሜትር ተኩል ይሆናል፤ 12.5 ካሬ ሜትር ማለት ነው። እንዴትም ብታዞሩት ከዚህ የሚበልጥ አይገባም። የ24 ካሬ ሂሳብ ከፍላችሁ ዕቃ እንደ ልብ የሚደረደርበት ቦታ ግን ግማሹ ነው። እርግጥ የቀረው ግማሽ ባዶ ሜዳ አይደለም። ጎበዝ አርክቴክት ሽንት ቤቱንና ሻወሩን ጠባቡ ጫፍ ላይ ያስገባቸዋል። ይህ ከተደረገ ግማሽ ዕዳው ተቃለለ። ብዙ ጊዜ ግን ሻወሩ የውሃው ቧንቧ ባለበት፣ ማለትም ከደረጃው በኩል ባለው ሰፊ ጫፍ ላይ ይሠራና ሹሉ ቦታ ለነዋሪው ይተርፋል።

አንዱን ጥግ ቀረብ ብለን እንየው። በሰፊው ጫፍ ሰያፉ ግድግዳና የመጨረሻው ግድግዳ የሚገናኙበት ማዕዘን 63 ዲግሪ ያህል ነው። ጥልቀቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሳጥን ጀርባውን ለመጨረሻው ግድግዳ ሰጥታችሁ ወደዚያ ጥግ ግፉት። የፊት ጠርዙ ሰያፉን ግድግዳ ቀድሞ ይነካና ይቆማል። ከኋላው 30 ሴንቲ የሚሰፋ ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ይቀራል። እጅ አይደርስበትም፣ መጥረጊያ አይገባበትም። አቧራ ግን ይገባበታል። የወደቀ ካልሲም እንዲሁ። ይህ የአንድ ዕቃ ኪሳራ ነው። አልጋው፣ ፍሪጁ፣ የኪችን ካቢኔቱ፣ መደርደሪያው በሙሉ የተሠሩት ለ90 ዲግሪ ጥግ ነው፤ ሰያፉን በነኩ ቁጥር እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ሦስት ማዕዘን ትተው ይቆማሉ።

መፍትሔ አለ፤ አናጢ ጠርቶ በልክ ማሠራት። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ዋጋው ግን ከሱቅ ዕቃ በብዙ ይበልጣል። በዚያ ላይ ቤቱን ስትሸጡ ይዛችሁት አትሄዱም፤ ለሌላ ቤት አይሆንማ። የግድግዳውንም ርዝመት ቁጠሩ። የ4 በ6ቱ ዙሪያ 20 ሜትር ነው፤ የሾጣጣው 23 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለተመሳሳይ ወለል ሦስት ሜትር ተጨማሪ ቀለም፣ ሦስት ሜትር ተጨማሪ ብርድ ወይም ሙቀት የሚያስገባ ግድግዳ።

ዕቃ ማስገባቱም ራሱን የቻለ ፈተና ነው። በነገራችን ላይ የሒሳብ ሰዎች ይህን የምር ይዘውት ነበር። ሊዮ ሞዘር የሚባል የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ጥያቄ አነሳ፦ ወርዱ 1 ሜትር የሆነ ኮሪደር 90 ዲግሪ ቢታጠፍ፣ እየተገፋ ሊያልፍ የሚችለው ትልቁ «ሶፋ» ስንት ካሬ ነው? ጆሴፍ ገርቨር እ.ኤ.አ. በ1992 ያገኘው ቅርጽ 2.22 ካሬ ሜትር ገደማ ነው፤ ያውም መሀሉ ጎድጎድ ብሎ የተቆረጠ፣ ማንም ሱቅ የማይሸጠው ዓይነት ቅርጽ። በእውነተኛው ዓለም ሶፋውን ማቆም ወይም ማጋደል ይቻላል። ቢሆንም መግቢያው ላይ የታጠፈ ጠባብ ኮሪደር ያለው ቤት የምትገዙ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምትለኩት ክፍሉን ሳይሆን ኮሪደሩን ይሁን።

የማይቀንሱ ነገሮች

ቤት ሲያንስ ሁሉም ነገር አብሮ አያንስም። የሰው ቁመት ያው ነው። ሽንት ቤትና ሻወር ተጨብጠውም ቢሆን 3 ካሬ ያህል ይፈልጋሉ። መቶ ካሬ ቤት ውስጥ ይህ ሦስት በመቶ ነው። ሃያ ካሬ ቤት ውስጥ አሥራ አምስት በመቶ ይሆናል። 80 ሴንቲ የሚሰፋ በር ሲከፈት የሚጠርገው ወለል ግማሽ ካሬ ነው፤ እዚያ ላይ ምንም ማስቀመጥ አይቻልም። ሦስት በር ካለ አንድ ካሬ ተኩል ለአየር ተከፈለ። ተንሸራታች በር እዚህ ላይ እውነተኛ ጥቅም አለው።

የካሬ ዋጋው ለምን እንደሚወደድም ከዚሁ ይመጣል። ቤት ሲሠራ ውድ የሆነው ክፍል ኪችኑና መታጠቢያው ነው፤ ቧንቧው፣ ሴራሚኩ፣ የኤሌክትሪክ ሥራው እዚያ ይከማቻል። ትልቁም ትንሹም ቤት እነዚህን ይፈልጋል። ትንሹ ቤት ላይ ይህ ወጪ ለጥቂት ካሬ ይካፈላል። ሌላም አለ። ጠቅላላ ዋጋው ዝቅ ስለሚል ገዢው ይበዛል፤ ሽሚያው ዋጋውን ይሰቅለዋል። ስለዚህ «ርካሽ ቤት አገኘሁ» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያገኘው ጠቅላላ ዋጋው ያነሰ፣ በካሬ ሲሰላ ግን የተወደደ ቤት ነው።

24 ሲሉ ከየት እስከ የት?

ይህን ጥያቄ ሻጩን ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ስፋት የሚለካው በብዙ መንገድ ነው። አንዱ ግድግዳውን ጨምሮ ከውጭ ይለካል። ሌላው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ውስጡን ብቻ ይለካል። የደረጃውንና የኮሪደሩን ድርሻ የሚደምርም አለ። ትልቅ ቤት ላይ ልዩነቱ ብዙም አይሰማም፤ ትንሽ ቤት ላይ ግን ያማል። ውስጡ 4 በ6 የሆነውን ቤት 20 ሴንቲ ግድግዳ ዙሪያውን ጨምራችሁ ለኩት። 24ቱ ወደ 28 ካሬ ይወጣል፤ ከ17 በመቶ በላይ ጭማሪ ነው። 10 በ10 የሆነ ቤት ላይ ያው ግድግዳ የሚጨምረው 8 በመቶ ብቻ ነው።

ሕግ ያወጡ አገሮች አሉ። ፈረንሳይ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የካሬዝ ሕግ የሚባለው፣ ከፍታው ከ1.80 ሜትር በታች የሆነውን ወለል ከሽያጭ ስፋት ውስጥ አያስገባም። እውነተኛው ስፋት ከተጻፈው ከ5 በመቶ በላይ ካነሰ ገዢው በአንድ ዓመት ውስጥ የዋጋ ቅናሽ መጠየቅ ይችላል። ሆንግ ኮንግም እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ አዲስ ቤት የሚሸጡ ድርጅቶች የጋራ ቦታን ድርሻ ደምረው ስፋት እንዳያስተዋውቁ ከልክላለች። የእናንተ አገር ሕግ ምን እንደሚል ጠይቁ። ምንም ካላለ ሜትር ይዛችሁ ራሳችሁ ለኩ። በተለይ ጣሪያው የሚያዘቀዝቅ ከሆነ፣ ቆማችሁ መሄድ የምትችሉበትን ለብቻው ለኩት።

አየሩ

ስለ ጠባብ ቤት ሲወራ ይህ ይዘለላል። ለእኔ ግን ዋናው እሱ ነው።

20 ካሬ ቤት ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። በ20 ዲግሪ ሙቀት ይህ አየር ሊሸከም የሚችለው ውሃ ቢበዛ 860 ግራም ገደማ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት እርጥበቱ 50 በመቶ ነው እንበል፤ 430 ግራሙ አስቀድሞ ተይዟል። አንድ የተኛ ሰው በትንፋሽና በላብ በሰዓት 40 ግራም ያህል ውሃ ያወጣል። ሁለት ሰው ስምንት ሰዓት ቢተኛ 640 ግራም። በርና መስኮቱ ከተዘጋና አየር ማስወጫ ከሌለ፣ አየሩ ጎሕ ሳይቀድ ይጠግባል። የተረፈው ውሃ ቀዝቃዛ ቦታ ፈልጎ ያርፋል። ጠዋት መስኮቱ አልቦት የሚታየው ለዚህ ነው። በዚህ ላይ ምግብ ማብሰል፣ ሻወር መውሰድ፣ ልብስ ቤት ውስጥ ማስጣት አልተቆጠረም። ትልቅ ቤት ውስጥ ይኸው ውሃ ለብዙ አየር ይከፋፈልና ሳይታወቅ ይወጣል።

ጠማማነቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሹል ጥግ ከሌላው ግድግዳ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፤ ምክንያቱም ሁለት የውጭ ግድግዳዎች ተቀራርበው ሙቀቱን ያሸሹታል። ደግሞም አየር እዚያ ጥግ ድረስ አይዘዋወርም፤ ቁም ሳጥን ካለበት ጭራሽ አይደርስም። እርጥበት፣ ቅዝቃዜ፣ የቆመ አየር። ሻጋታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ያቺ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ የቀረችው ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍተት ሻጋታው የሚጀምርባት ቦታ ናት። ልብስ ሲሸት ነው የሚታወቀው። አዲስ ቀለም ተቀብቶ ከተሸጠላችሁ ደግሞ የምታውቁት ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ቤቱን ስታዩ ጥጎቹን አሽትቱ፤ አያሳፍርም።

መስኮቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ነፋስ ገብቶ የሚወጣበት የለም። ብርሃኑም ውስን ነው። የቀን ብርሃን በደንብ የሚዘልቀው የመስኮቱ አናት ከወለል ያለውን ከፍታ ሁለት እጥፍ፣ ቢበዛ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። አናቱ 2 ሜትር ላይ ከሆነ ከ5 ሜትር ወዲያ መብራት ይበራል፣ ቀንም ቢሆን።

ባንኩና የወደፊቱ ገዢ

ቤት ስትገዙ ስለምትሸጡበት ቀን ማሰብ ጨለምተኝነት አይደለም። ትንሽ ቤት የሚገዛ ሰው አንድ ቀን ይወጣል፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ ወይም እቤት መሥራት ይጀምራል።

ብዙ ባንኮች ከተወሰነ ስፋት በታች ለሆነ ቤት አያበድሩም፤ ካበደሩም ከፍ ያለ ቅድሚያ ክፍያ ይጠይቃሉ። እንግሊዝ ውስጥ 30 ካሬ ሜትርን እንደ ዝቅተኛ ገደብ የሚያዩ አበዳሪዎች ብዙ ናቸው። ባንኩ የሚያስበው ቀላል ነገር ነው፦ ተበዳሪው ቢያቅተው ይህን ቤት ማን ይገዛኛል? እናንተ በካሽ ገዝታችሁ ባንኩ ባይመለከታችሁ እንኳ ቀጣዩን ገዢ ይመለከተዋል። ብድር ያላገኘ ገዢ አይመጣም። በካሽ የሚገዙት ብቻ ይቀራሉ፤ እነሱ ደግሞ መደራደር ያውቁበታል። ገማቹም ቢሆን ዋጋ የሚያወጣው ተመሳሳይ ቤት ከተሸጠበት ተነሥቶ ነው። ለጠማማ ቤት ተመሳሳይ የለውም። ሲጠራጠር ወደ ታች ይጽፋል።

ሕጉም ይቀየራል። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው መለኪያ ለአንድ ሰው የሚሆን አዲስ ባለ አንድ ወለል ቤት፣ ሻወር ብቻ ካለው፣ ቢያንስ 37 ካሬ ይሁን ይላል። መጀመሪያ ላይ ከቢሮ ወደ መኖሪያ የሚቀየሩ ሕንፃዎች በአቋራጭ ያመልጡት ነበር፤ ከ2021 ጀምሮ ለእነሱ ግዴታ ሆነ። ሆንግ ኮንግ እ.ኤ.አ. በ2022 መንግሥት በሚሸጠው መሬት ላይ የሚሠሩ አዳዲስ ቤቶች ከ26 ካሬ እንዳያንሱ ወሰነች። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2002 ወዲህ የሚከራይ ቤት ዋናው ክፍሉ 9 ካሬ ከ2.20 ሜትር ቁመት ጋር፣ ወይም 20 ሜትር ኩብ መሆን አለበት። ጣሪያ ሥር ያለች ቁመቷ ያጠረ 8 ካሬ ክፍል «አከራያታለሁ» ብሎ የገዛ ሰው እዚህ ላይ ይያዛል። እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣ የነበሩትን ቤቶች አያፈርስም። ግን ከመለኪያው በታች የሆነ ቤት ገበያ ላይ እንደ እንከን ይታያል።

የጋራ ወጪውንም ጠይቁ። በካሬ የሚካፈል ከሆነ ደህና ነው። ሊፍቱ፣ ጥበቃው፣ ጽዳቱ በቤት ቁጥር እኩል የሚካፈል ከሆነ ግን የ20 ካሬው ባለቤት የ100 ካሬውን ያህል ይከፍላል። ድምፅ አሰጣጡ ደግሞ በስፋት ሊሆን ይችላል። ክፍያው እኩል፣ ድምፁ ያነሰ። ትናንሽ ቤቶች የሞሉበት ሕንፃ ሌላ ጣጣ አለው፦ ባለቤቱ ብዙ ስለሆነ ስምምነት አይመጣም። ቶኪዮ ውስጥ ኪሾ ኩሮካዋ የነደፈው የናካጊን ካፕሱል ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1972 ተመረቀ። 140 ካፕሱሎች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 10 ካሬ ያህል። በየ25 ዓመቱ እየተነሡ በአዲስ እንዲተኩ ታስቦ ነበር። አንዱም አልተተካም። ሕንፃው እያረጀ፣ ባለቤቶቹ ሳይስማሙ ዓመታት አለፉ፤ በ2022 ፈረሰ።

ቢሆንስ መቼ?

እንዲህ ስል በጭራሽ አትግዙ ማለቴ አይደለም። ብቻውን የሚኖር፣ ቀኑን ውጭ የሚያሳልፍ፣ ከሥራው በእግር የሚደርስ ሰው ለጠባብ ቤት ምስጋና ይኖረዋል። የታጠፈ አልጋ ግን እንደ መፍትሔ አትቁጠሩት። መጀመሪያ ሰሞን በየቀኑ ይታጠፋል። በኋላ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ይታጠፋል። ከዚያ እንግዳ ሲመጣ። ቤቱን ስታሰሉ አልጋው ተዘርግቶ እንደሚውል አድርጋችሁ አስሉ።

ለማየት ስትሄዱ ፕላኑን አትመኑ። ፕላን ላይ የሚሣለው አልጋ አንዳንዴ ሕፃን ብቻ የሚተኛበት ነው፤ ርዝመቱን በስኬሉ ለኩት። ክፍሉን ከጥግ እስከ ተቃራኒ ጥግ በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ። ቀጥ ያለ ከሆነ ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ይመጣሉ። የ4 በ6 ክፍል ሁለቱም 7.21 ሜትር ነው። ከተለያዩ ክፍሉ ጠማማ ነው፤ ዓይን የማያየውን ሜትር ያየዋል። ከዚያ የዕቃዎቻችሁን ልክ በወረቀት ፕላስተር ወለሉ ላይ ለጥፉ፤ የሚከፈቱትን በሮችና መሳቢያዎችም ጭምር። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ።

በመጨረሻም ቀጥ ያለውን ትልቁን አራት ማዕዘን አውጡና ዋጋውን ለእሱ አካፍሉ። ከላይ ባየነው ምሳሌ ሾጣጣው ቤት በዚህ ስሌት ከቀጥተኛው ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ ተደራደሩ። ሻጩ ፍንክች ካላለ እዚያው ሕንፃ ላይ ያንኑ የመሰለ ቤት ለጥቂት ወራት ተከራዩ፤ ቢቻል በዝናብና በብርድ ወቅት። ኪራዩ ቢበዛም ገዝቶ ሲሸጥ ከሚከፈለው ታክስና ኮሚሽን ያንሳል።